«እንዳትወድቅብኝ ብዬ ቁልፉን ደበቅሁባት»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ነው። 73 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ደብረ ማርቆስ በገዛ ቤቷ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጥቅምት ላይ ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጥታ አዳለጣትና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። በዚያው አዲስ አበባ አመጣኋት። እጇ አሁን ድኗል። ጥር ላይ ግን ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ምንም አልተጎዳችም፤ እኔ ግን ያንን ድምፅ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሲሰማ ጮኸብኝ። «ከእንግዲህ እማዬ ከተቀመጠችበት እንዳትነሳ። ሠራተኛ ቅጠሪ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» አለ። ቀጠርኩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ለውሃ እንኳ አታስነሳትም። ደህና ሶፋም ገዛንላት። እማዬ አሁን ቡና አታፈላም፣ ሽንኩርት አትልጥም፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች። ከሶፋው የምትነሳው ሁለት እጇን ይዘን ስበናት ነው። ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም፤ ደረጃውን በራሷ እግር ነበር የወጣችው።

አሁን ደግሞ ሑዳዴ ገባ። እሷ ስግደትና ቅዳሴ ቀርቶባት አያውቅም። ብለምናት አልሰማ አለችኝ። አንድ ጠዋት ሠራተኛዋ ሳታያት ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃ ስትወርድ ደረስኩባት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ ቁልፉን መደበቅ ጀመርኩ። ባለፈው እሑድ «አባትሽ ቢኖር አታስሪኝም ነበር፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ» ብላ አለቀሰች። የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲላት የእንቅልፍ መድኃኒት ታዝዞላታል።

የሥራ ባልደረባዬ «ስፖርት አሠሪያት፤ ክብደት ታንሳ» ስትለኝ ስቄ ዝም አልኩ። በዚህ ዕድሜዋ ብረት? ብትወድቅብኝ ወንድሜ ምን ይለኛል? ብቆልፍባት ደግሞ እሷ ምን ትለኛለች? እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ጭንቅ የያዛት፣ ከጀሞ

ውድ እህቴ፤

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም» ያልሽውን ነው። ጥቅምት ላይ ሁለት ፎቅ በራሳቸው እግር የወጡ ሴት የካቲት ላይ ከሶፋ መነሳት ካቃታቸው፣ በዚህ መሀል ምን ተለወጠ? ዕድሜያቸው የጨመረው አራት ወር ነው። እስከ ጥቅምት ድረስ ግን ጓሮ ይወጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ዛሬ ይህ ሁሉ የለም።

አንቺን ለመውቀስ አልጻፍኩትም። ፍርሃትሽ መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። 65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። አንዴ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። በ73 ዓመት ቆሞ ሳለ አዳልጦት የእጁ አንጓ የተሰበረ ሰው አጥንቱ የሳሳ ሊሆን ስለሚችል፣ እጃቸው ድኗል ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪሙን ስለ አጥንት መሳሳት በስሙ ጠይቂው፣ መድኃኒት አለውና። ስለዚህ ሌሊት ጆሮሽን አቁመሽ ማደርሽ ይገባኛል። የማልስማማው በመከላከያው ነው።

ወንድምሽ ያዘዘው ነገር፣ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ እናትሽን ለሦስተኛው ውድቀት እያዘጋጃቸው ነው። በግልጽ ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ ወንድምሽን ማሳጣት አልፈለግሁም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ ጠፋ፤ የጭናቸው ጉልበት ደግሞ 16 በመቶ ያህል ቀነሰ። እነዚህ ሰዎች ሕመም የሌለባቸውና ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ። እናትሽ አልጋ ላይ አልዋሉም፤ ሆኖም ከጥር ወዲህ በሶፋው ላይ ያለፉትን ቀናት አንቺው አስቢያቸው።

ሰው ሲያዳልጠው የሚያድነው ሌላው እግሩ ፈጥኖ ወደፊት መውጣቱና ጭኑ የሰውነቱን ክብደት መሸከሙ ነው። ለዚያ ደግሞ ቁርጭምጭሚት መሬቱን ማንበብ አለበት፣ ዓይን ማየት አለበት፣ ውስጠኛው ጆሮ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ብዙ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱም ፍጥነቱም ይቀንሳል። ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ አረማመዱ ይቀየራል፤ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ ይጎትታል፣ ዓይኑን ከጫማው አይነቅልም፣ ግድግዳ ይይዛል። ምንጣፍ የሚጠልፈው እንዲህ የሚጎተተውን እግር ነው።

ባህላችንም እዚህ ላይ ያግዛል ለማለት ይቸግረኛል። ትልቅ ሰው ሊነሳ ሲል «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» እንላለን፤ ውሃውን እናቀርባለን፣ ጫማውን እናጠልቃለን፣ ክንድ ይዘን እንስባለን። የከበረ ነገር ነው፣ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን ከበርጩማ ተነስተው፣ ጀበና ጥደው፣ ስኒ አጥበው ተመልሰው የሚቀመጡ ሴት በአንድ ቡና ስንት ጊዜ ተነስተው እንደሚቀመጡ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ሠራተኛዋ ከመጣች ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ። ስለ ሶፋውም ካነሳን፣ ሰውን የሚውጥ ዝቅ ያለ ለስላሳ ሶፋ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ከሁሉ የከፋ መቀመጫ ነው። ሶፋውን ለእንግዳ ተዉትና ጠንካራ፣ ጀርባና መደገፊያ ያለው፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ የማይልበት ወንበር ፈልጊላቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእንቅልፍ መድኃኒቱ የታዘዘው ታኅሣሥ ነው ብለሻል፤ ሌሊት የወደቁት ጥር ላይ። ይህን አያይዘሽ አስበሽው ነበር? የመድኃኒቱን ስም አልጻፍሽልኝም። ዲያዜፓም ወይም አሚትሪፕቲሊን ከሆነ፣ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለመውደቅ የሚያጋልጡ በመሆናቸው የታወቁ ናቸው፤ አንዱ ሌሊት ሲነሱ ያደነዝዛል፣ ሌላው ሲቆሙ ደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። በራስሽ ግን አታቋርጪው፤ አንዳንዱ በድንገት ሲቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የደም ግፊቱንም፣ ለራስ ምታት የሚገዙትንም፣ ከነካርቶኑ በፌስታል ከተሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጂ። ከደም ግፊት ክኒኖቹ አንዱ የሚያሸና ከሆነ በምን ሰዓት እንደሚወሰድ ጠይቂ፤ ማታ የተዋጠ ክኒን ሌሊት ያስነሳል።

እዚያው ሳላችሁ ግፊታቸው ተቀምጠው ብቻ እንዳይለካ። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለካ፤ ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይደገም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቆሙ ደሙ ወደ ጭንቅላታቸው እየዘገየ ነው ማለት ነው፤ መድኃኒቱ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በጾም ወቅት ይህ በጣም ይመለከታችኋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የግፊት ክኒን የዋጠ ሰው ብድግ ሲል ቢያዞረው አይገርምም። ዓይናቸውንም አስመርምሪ፤ ሞራ ካለ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ በጨለማ ኮሪደር ላይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። የሳቅሽው ብዙዎቻችን የምንስቀውን ሳቅ ነው። ግን ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆነ አቅመ ደካማ ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የጀመሩት 10፣ የጨረሱት 9 ነበሩ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ጥናት ነው፤ ሆኖም «በዚህ ዕድሜ ጡንቻ አይመለስም» የሚለውን አባባል የሰበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 108 ጥናቶችን ሰብስቦ እንዳሳየው፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ውድቀትን 23 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሚዛን የመጠበቅና ጡንቻ የማጠንከር ልምምድ ሲጣመሩ ደግሞ ቅነሳው 34 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በእግር መሄድ ብቻውን ግን ይህን ያህል ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም። ብዙ ልጆች «እማዬን በየማታው ትንሽ አራምዳታለሁ» ብለው ስለሚረኩ ነው ይህን ያነሳሁት። መራመዱ ለልብ ጥሩ ነው። ለመውደቅ ግን ጭንና ሚዛን ይፈለጋል።

ብረት ቤት መውሰድም አያስፈልግሽም። ኒውዚላንድ የሚገኘው የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ ያወጡት ልምምድ በመጀመሪያ የተሞከረው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ላይ ነው፤ የሠሩትም በየቤታቸው ነው። የሚያስፈልገው ጠንካራ ጠረጴዛና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ትንሽ ክብደት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል። የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመት ለሞላቸው የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ።

ከቻልሽ የመጀመሪያውን ቀን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር አድርጉት። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ክፍሉ አለ፤ በግልም ቤት ድረስ የሚመጡ አሉ፣ ወንድምሽ የሚልከው ብር ከዚህ የተሻለ ቦታ ቢፈልግ አያገኝም። ባለሙያው የአጥንታቸውን ነገር፣ የጉልበታቸውን ሕመም፣ የተሰበረውን እጅ አይቶ ይጀምርላቸዋል። እስከዚያው ግን ሐኪም ካልከለከለ ከወንበሩ መነሳትና መቀመጥ ብቻውን ብዙ ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስጠጊው፤ እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው ይነሱ፣ ሲቀመጡ ደግሞ ዝም ብለው አይውደቁበት፣ ቀስ ይበሉ። መጀመሪያ መደገፊያውን ይዘው፣ ቆይቶ በአንድ እጅ፣ ቆይቶ ያለ እጅ። ስምንት ጊዜ ደርሰው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበድ ካሏቸው ልኩ ነው። ምንም ካልከበዳቸው ጡንቻው ሥራ አላገኘም።

አንቺ ለኪው፤ በ30 ሰኮንድ ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ ከዕድሜ እኩዮቿ ዝቅ ያለ ነው ይባላል። ዛሬ ዜሮ ቢሆን አትደንግጪ፣ ጻፊውና አስቀምጪው። ሚዛኑን ደግሞ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ቆመው ያለማምዱት፣ አንቺ ከጎናቸው ሆነሽ፤ መጀመሪያ እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር ግማሽ ወደፊት፣ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ የሌላው አውራ ጣት ፊት አድርጎ 10 ሰኮንድ። ተረከዝ አንስቶ በጣት መቆምም ይጨመር። ሲለምዱ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋ ሞልተሽ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለሽ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እሰሪላቸው፤ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘርጉ። ይኸው ብረት የተባለው። ደረት ቢያማቸው፣ ቢያዞራቸው ወይም ትንፋሽ ቢያጥራቸው ያቁሙ፣ ሐኪም ይያቸው።

አሁን ወደ ስግደቱ። እኔ ካንቺ በተቃራኒ ይህን ሳነብ ደስ ነበር ያለኝ። መሬት ወርዶ መነሳት ማለት እኮ ባለሙያዎች ለአረጋውያን ሊያስተምሩት የሚደክሙበት ነገር ነው። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ጥቅምት ላይ ሁለት ፎቅ ያወጣቸው ጉልበት ከየት መጣ ብለሽ ነው? ስለዚህ «ስግደት አይቻልም» አትበያቸው። ዛሬ ግን ከሶፋ መነሳት ላቃተው ሰው የለመደውን ያህል ስገድ ማለትም አይሆንም፤ አጥንታቸው ሳስቶ ከሆነ ደግሞ ወገባቸውን አጥፈው በኃይል መጎንበስ የጀርባ አጥንት ሊጎዳ ይችላል። መሀል መንገድ አለ። የንስሐ አባታቸውን አማክሯቸው፤ ደብረ ማርቆስ ያሉ ከሆነ ስልክ አለ። አባቶች ለደካማ እንደ አቅሙ ማዘዝ ያውቁበታል፤ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ደግሞ እናትሽ ከአንቺ ይልቅ ይሰማሉ። ለጊዜው ቆመው አንገት ዝቅ በማድረግ፣ ወንበር ይዘው በአንድ ጉልበት በመንበርከክ ይጀምሩ፤ እግራቸው ሲጠነክር ሙሉውን ይመለሱበታል። ሲነሱ ቀስ ይበሉ፣ ከመራመዳቸው በፊት ትንሽ ይቁሙ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ስግደት የለም፤ ያን ጊዜ የወንበሩ ልምምድ እንዳይቋረጥ ተጠንቀቂ።

ጾሙን አይተዉ፣ ሰዓቱን ግን ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር ተነጋገሩበት። ጡንቻ ያለ ምግብ አይሠራም። በዕድሜ ለገፋ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ቢመዝኑ ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ በእንጀራ ብቻ አያደርስም። ሽሮው ይወፍር፣ ክክና ምስሩ ይብዛ፣ ለውዝና የሱፍ ፍትፍት ይታከል። ኩላሊታቸው ታሟል ተብሎ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ቤቱን በአንድ ቅዳሜ ትጨርሺዋለሽ። ኮሪደሩ ላይ ሌሊት የሚበራ ትንሽ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራስጌያቸው ላይ ባትሪ፤ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ የተቸነከረ መያዣ ብረት፤ የሚንሸራተተው ምንጣፍ ይውጣ። ነጠላ ጫማውን ተረከዝ በሚይዝ፣ ሶሉ በማይንሸራተት ጫማ ቀይሪው። ቀሚሳቸው መሬት የሚጠርግ ከሆነ ይሰፋ። ምርኩዝ ከያዙ ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፣ ቁመቱም እጃቸው ተዘርግቶ ሲወርድ እስከ አንጓቸው ድረስ ይሁን።

ቁልፉን ግን ዛሬውኑ መልሺላቸው። ይህን የምልሽ እናትሽ ቤት ውስጥ ሳሉ እሳት ወይም ሕመም ቢነሳ በሩ መከፈት ስላለበት ብቻ አይደለም። ያስለቀሳቸው፣ እንደሚመስለኝ፣ ስለ እግራቸው ሁሉም ሲወስን እሳቸውን የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ስትመልሺ ሰበብ አታብዢ። «እማዬ፣ ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ አልደብቅም፤ ግን ብቻሽን ደረጃውን እንዳትወርጂብኝ ልለምንሽ» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ የሚሉትን ስሚ። መውደቅ ያስፈራቸዋል? ጥር ላይ ያን ሌሊት ምን ሆነው ነበር፣ አዞራቸው፣ አዳለጣቸው ወይስ ጨለማው ነው? እስካሁን ማንም አልጠየቃቸው ይሆናል፤ ለሐኪሙም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ስምምነቱን አብራችሁ አውጡት። ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን በሳምንት ስንት ቀን፣ ከማን ጋር፣ ሰው ሳይበዛ በስንት ሰዓት፣ ሲደክማቸው የሚቀመጡበት የት እንደሆነ። ደረጃውን ሲወርዱ መደገፊያውን ይያዙ፣ ሰው ከፊታቸው አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ይውረድ።

ሠራተኛዋንም አታባርሪ፤ ሥራዋን ቀይሪው። እማማ ቡና ያፈላሉ፣ እሷ የሚከብደውን ታነሳለች። እማማ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እሷ ወለሉ እርጥብ እንዳይሆን ትጠብቃለች። ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን እንዳትስብ፣ አጠገባቸው እንድትቆም ብቻ አስረጂያት። መጀመሪያ ጭካኔ ይመስላታል።

ቢወድቁስ? ይህን ሁሉ አድርገሽም ሊወድቁ ይችላሉ፤ ማንም ዜሮ አያደርገውም፣ ወንድምሽም በሶፋ አላደረገውም። ከወደቁ ወዲያው አትጎትቷቸው። የሚያማቸውን ይናገሩ፤ ካላመማቸው በጎን ተገልብጠው፣ በጉልበትና በእጅ ተደግፈው፣ ወንበር ይዘው፣ ጠንካራውን እግር አስቀድመው ይነሱ። ይህንንም ደህና ሳሉ ምንጣፍ ላይ ባለሙያው ያለማምዳቸው። ዳሌያቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ወይም መቆም ካልቻሉ ሳታንቀሳቅሷቸው አምቡላንስ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን ከመታቸው፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ደህና ቢመስሉም ይታዩ፤ በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ራስ ምታት፣ መፍዘዝ ወይም ማስመለስ ከመጣም ተመለሱ። ወጌሻ ከመሄዳችሁ በፊት ራጅ ይነሱ። ወጌሻን መናቄ አይደለም። አጥብቆ የታሰረ ቀርቀሃ ደም አቋርጦ እጅ ያስቆረጠበት አጋጣሚ አገራችን ውስጥ ተደጋግሟል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ስልክ ላይ መልስ መስጠት ይከብድሻል፤ ርቆ ያለ ሰው ያየው የሚያስፈራውን ብቻ ነው። አትከራከሪው፣ ሥራ ስጪው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እናትሽ ሲለማመዱ በቪዲዮ ይደውልና እሱ ይቁጠር። «አንድ፣ ሁለት» ሲል እሳቸውም ለልጃቸው ብለው አንድ ይጨምራሉ። ሁለት ሳምንት ከቆጠረ በኋላ «ትቀመጥ» ማለቱን ሲተው ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ካልተወ ደግሞ የሐኪሙን ቃል አስሚው፤ ኃላፊነቱ ሁሉ አንቺ ትከሻ ላይ እንዳይሆን ይረዳል።

«ወደ ቤቴ መልሱኝ» ያሉት ቀረ። አሁን አይሆንም፣ ለዘለዓለም አይሆንም ማለት ግን አይደለም፤ ይህን ለእሳቸውም በዚሁ ቃል ንገሪያቸው። ለስምንት ሳምንት ይለማመዱ። ከዚያ የ30 ሰኮንዱን ቁጥር እንደገና ውሰጂ፣ ከመሬት ያለ ሰው መነሳታቸውን እይ። ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አብራችሁ ደብረ ማርቆስ ሂዱና ቤቱን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው? ሌሊት ጓሮ ያስወጣል? ያዳለጣቸው ቦታ ምን ይመስላል? ቢወድቁ ጠዋት በር የሚያንኳኳ ጎረቤት አለ? ዕድርተኞቹ ምን ይላሉ? ምናልባት ክረምቱን ካንቺ ጋር፣ በጋውን እዚያ ይሉሽ ይሆናል፤ ምናልባትም ቤቱን አይተው ራሳቸው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ወንድምሽም ከመወሰኑ በፊት በዚያ ቀን ይደውል፤ የሚያወራው ግን ካንቺ ጋር ሳይሆን ከእሳቸው ጋር ይሁን።